«ጅማ ምን የሚቆፈር አላት?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ጅማ ውስጥ ያላነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም። የተጻፈው የባህል ቅርስ፣ አርኪዮሎጂና ቁሳዊ ባህል ስለሚያጠኑ አንድ ምሁር ነው። ምሁሩ በጅማ ዙሪያ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ እየሄዱ አሠራራቸውን ይመዘግባሉ፣ የድሮ በርጩማዎችን ይለካሉ፣ የፈረሱ መንደሮች የነበሩበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ጽሑፉ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ነው። የተሰጠው መልስ ግን ስህተት ነው፣ ብዙ ሰው አምኖት ሲያጋራ ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አርኪዮሎጂ የአክሱም፣ የላሊበላና የጎንደር ሥራ ነው፤ ጅማ የዝናብና የእንጨት አገር ስለሆነች መሬቷ ውስጥ የቀረ ነገር የለም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ማሰሮና በርጩማ የጓዳ ዕቃ እንጂ ቅርስ አይደለም፤ በፕላስቲክ መተካቱም ዕድገት ነው። ሦስተኛ፣ ታሪኩን ሽማግሌዎች ስለሚያውቁት ጠይቆ መጻፍ ይበቃል። አራተኛ፣ ጥናቱ ለተመራማሪው ማዕረግ ሆነ እንጂ ሕዝቡ ያገኘው የለም፣ ዕቃውም ተለቅሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። አምስተኛ፣ ገንዘቡ ለአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እድሳት ቢውል ይሻል ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ዝናቡ እውነት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ቀዩ አፈራችንም አሲዳማ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ቆዳ ይጠፋል፣ አጥንት እንኳ ብዙ አይቆይም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «ምንም የለም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በእሳት የተተኮሰ ሸክላ አይበሰብስም። ከሰል አይበሰብስም። ብረት ሲቀለጥ የሚወጣው ዝቃጭ፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የመስታወት ዶቃ ሁሉ ይቆያል። የቤት ምሰሶ ራሱ ቢበሰብስ እንኳ የተተከለበት ጉድጓድ በሌላ አፈር ስለሚሞላ በቀለሙ ይለያል። ቆፋሪው መሬቱን ቀስ አድርጎ ሲጠርገው ክብ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ነጥቦቹ ሲያያዙ የቤቱ ስፋትና የበሩ አቅጣጫ ይታወቃል። አንድም እንጨት ሳይገኝ የእንጨት ቤት ይገኛል ማለት ነው።

ምሳሌ ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ ውስጥ ዳሞታ ተራራ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ እዚያ የተገኘው የሰው ሥራ ወደ 50,000 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎረቤታችን ካፋ ውስጥም፣ በዚያ ሁሉ ደንና ዝናብ መሃል፣ ኩማሊ የተባለ የዋሻ መጠለያ ተቆፍሮ ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እንደተጠቀሙበት ታውቋል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት አሉ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። በመካከላቸው ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት የድንበር መሬት ነበር፤ ድንበሩን በጉድባ ይከልሉ፣ መግቢያውንም በኬላ ይጠብቁ ነበር። ጉድባ በዝናብ አይበሰብስም፣ በአፈር ይሞላል እንጂ። የሞላው አፈር ከዙሪያው ስለሚለይ የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል። ከአገራችን ውጭም ቢሆን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢኳዶሩ የኡፓኖ ሸለቆ የወጣውን ጥናት ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ «የአማዞን ደን ውስጥ ከተማ አይኖርም» ሲባል ኖሮ 2,500 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰፋፊ መንገዶችና የሰፈራ ቦታዎች ከደኑ ሥር ተገኙ።

አንድ ነገር ልጨምር። አክሱም ላይ የጀርመን ቡድን የሠራው በ1906 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲጠና፣ ሲቆፈር፣ ሲጻፍበት የኖረ ቦታ ነው። ይህን ትናንት ከተጀመረ አካባቢ ጋር አስተያይቶ «እዚያ ተገኘ፣ እዚህ አልተገኘም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያልተፈለገ ነገር ከየት ይገኛል?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ከሁሉም ያስከፋኝ እሱ ነው።

ሐሙስ ገበያ ስትወጡ ሸክላ የሚሸጥበት ጋ ጥቂት ቁሙ። አንዱን ማሰሮ አንሡና ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱት። መሽከርከሪያ የሚባል ነገር የለም፣ በእጅ ብቻ ነው የተሠራው። ውስጡ ላይ የጣት ግፊት ቦታው ይታወቃችኋል፤ ወደ አንገቱ ስትጠጉ ግድግዳው ይሳሳል። ውጪው ግን በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ ያብረቀርቃል። ጎኑ ላይ አንድ ቦታ ጥቁር ጠባሳ አለ፤ ሲተኮስ ማገዶው የተጠጋው በዚያ በኩል ነበር። ጭቃው ከየት እንደመጣ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ፣ ስንት ቀን ጥላ ውስጥ እንደደረቀ፣ በምን ማገዶ እንደተተኮሰ የምታውቀው የሠራችው ሴት ናት። የተማረችው ከእናቷ ወይም ከአማቷ እያየች ነው። የትም አልተጻፈም። ልጆቿ ሥራውን ካልያዙት አብሯት ያልፋል።

ጸሐፊው «ይህ ምን እውቀት ነው?» ይሉ ይሆናል። ጆን አርተር የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት ጋሞ ውስጥ የሠራውን ልንገራችሁ። ሰዎች በቤታቸው የሚጠቀሙባቸውን ሸክላዎች አንድ በአንድ አየ፤ የእህል መጠጥ የሚጠመቅባቸው ሸክላዎች ውስጣቸው ተበልቶና ተቦርቡሮ አገኛቸው። ምክንያቱ የሚፈላው መጠጥ አሲድ ነው። መጠጥ በብዛት የሚጠምቀው ደግሞ እህል የተረፈው፣ ደህና ኑሮ ያለው ቤት ነበር። አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ ድሮ መንደር ሂዱ። አንድ ጥግ ላይ የተበላ ስባሪ በዛ፣ ሌላው ጥግ ላይ የለም። ጽሑፍ በሌለበት መንደር ማን ደግሶ ያበላ እንደነበር፣ የኑሮ ልዩነት መኖር አለመኖሩን ከማሰሮ ስባሪ መጠየቅ ተቻለ ማለት ነው። ይህ የተገኘው «የጓዳ ዕቃ» ከተባለው ነው።

ኮንሶም ሌላ ምስክር ናት። ለብዙ ዘመን የዓለም ምሁራን ስለ ድንጋይ መሣሪያ ሲያወሩ ጠራቢው ወንድ ነው ብለው ነበር የሚነሡት። ኮንሶ ውስጥ ግን ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ የሚፍቁበትን ድንጋይ መርጠው የሚጠርቡትም ራሳቸው። በቅርብ ዘመን፣ ሰዎች ቁጭ ብለው እያዩ። ካትሪን ዊድማን አርተርና ባልደረቦቿ ይህን ከጻፉ በኋላ ያ የቆየ አስተሳሰብ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ይህ የሆነው አንድ ተመራማሪ ከቆዳ ፋቂ ሴት አጠገብ ተቀምጦ ማየትን ስላልናቀ ነው።

ንቀት ካልኩ አይቀር ልናገረው። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ስሞች ስድብ ሆነው በኖሩበት አገር ነው የምንኖረው። በብዙ የደቡብ ምዕራብ አካባቢ እነዚህ ሰዎች በጋብቻ የተገለሉ፣ በመሬት የተበደሉ፣ ዳር ላይ እንዲኖሩ የተደረጉ ነበሩ። የሠሩትን ገዝተን በላንበት፣ እነሱን ግን ከደጃችን አላስገባንም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) መንገሣቸው፣ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው ግዛታቸውን በውስጥ አስተዳደሩ ማቆየታቸው ተጽፏል፣ መጻፉም መልካም ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ግን የጻፈ የለም ማለት ይቻላል። የእነሱን ታሪክ ማወቅ ከተፈለገ ያለው ሰነድ ሥራቸው ነው። እና ያንን ሥራ የሚያጠና ሰው ሲገኝ «ማሰሮ ነው፣ ምን ይሠራል» ብለን እንድንመልሰው ነው የሚፈለገው? እኔ በበኩሌ ይህን ዓይነት ፍርድ አልቀበልም።

ስለ ፕላስቲኩ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። ጀሪካን ከእንስራ ይቀላል፤ ውኃ የምትቀዳዋ ሴት ጀርባ እንስራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ማንም «ወደ እንስራ ተመለሱ» አላለም። ነገር ግን ዕቃው ከቤት እየወጣ ከሆነ መመዝገብ ያለበት ዛሬ ነው። እየጠፋ መሆኑ ለማጥናት ምክንያት ይሆናል እንጂ ላለማጥናት እንዴት ምክንያት ይሆናል?

ሦስተኛው ነጥብ የሽማግሌዎች ነገር ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የሚያጣላኝ ግማሹ ብቻ ነው። የሽማግሌ ቃል ወርቅ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ መንግሥት ያጠናው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ፣ ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን ጠይቆ ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት በ1932 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ቢኖር ከመቶ በላይ ነው። «ሽማግሌ ይጠየቅ» የሚለው ምክር ለዚያ ዘመን እንኳ አልፎበታል፤ ከዚያ በፊት ለነበረው ደግሞ ጭራሽ አይደርስም።

ደግሞም አፈ ታሪክና ቁፋሮ ጠላት አይደሉም። ድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላ እንይ። የአካባቢው ሰው ድሮ እዚያ ግዙፍ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ይተርክ ነበር፤ የሕንጻዎቹ ድንጋዮች ትልልቅ ናቸው፣ ገበሬውም ሲያርስ እንግዳ ሳንቲም ያገኛል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ መቆፈር ጀመረ። የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃና ሸክላ ወጣ። መቃብሮቹ ሲታዩ ሰዎቹ እንደኛው ዓይነት ቁመት ነበራቸው። ታሪኩ «እዚህ ትልቅ ነገር ነበር» ማለቱ ትክክል ነበር፤ ትልቁ ነገር ግን የሰዎቹ ቁመት ሳይሆን ንግዳቸው ሆነ። ሽማግሌዎቹ ባይናገሩ ቦታው ላይታወቅ ይችል ነበር። ባይቆፈር ደግሞ ያ ሁሉ ንግድ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የቡናው ነገር አለ። ጸሐፊው በጨረፍታ «እስቲ ቡና የኛ መሆኑን ያረጋግጡልን» ብለዋል። የአረቢካ ቡና ዱር በቀል ዘመዶች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ መሆናቸውን ሳይንስ ከተስማማበት ቆይቷል። ጎማ ውስጥ ያለችውን፣ የቡና መገኛ የምትባለውን የጮጬን ኩራትም አልነካም፣ እኔም እኮራባታለሁ። ቡናን አገኘ የሚባለውን የፍየል ጠባቂ ታሪክ ግን በጽሑፍ የምናገኘው በ1671 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ከታተመ ሥራ ነው፤ ቡና መጠጣት ራሱ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በ15ኛው መቶ ዓመት የመን ውስጥ ነው። እዚህ፣ በኛ ደን ውስጥ፣ ሰው ቡናን ቆልቶና አፍልቶ መጠጣት የጀመረው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ተረት አይመልሰውም። የጀበና አንገትና ማንቆርቆሪያ ግን ተሰብሮም ቢሆን ከማሰሮ ስባሪ ይለያል። የት ጥልቀት ላይ መታየት እንደሚጀምር የሚነግረን ሸክላን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ማለትም ጽሑፉ ያጣጣለው ዓይነት ተመራማሪ። መልሱ እኛ እንደምንፈልገው ላይሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ መታወቅ አለበት።

አራተኛው ላይ ደግሞ ብዙውን እቀበላለሁ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የውጭ መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ለማንበብ እንኳ በዶላር ክፈሉ ይላል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሥራዋን አቁማ ስታስረዳ የዋለችው ሸክላ ሠሪ በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ አይደርሳትም። ይህ ጥፋት ነው፣ ተመራማሪዎችም ሊሰሙት ይገባል። ግን መድኃኒቱ ውጤቱን መመለስ ነው። ጥናቱን ማቆም ጉዳቱን ሙሉ ያደርገዋል እንጂ ማንንም አይጠቅምም።

«ዕቃው ወደ ውጭ ይሄዳል» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፣ በቁፋሮ የተገኘው የመንግሥት ንብረት ነው፣ ለምርመራ የሚወጣ ናሙናም በፈቃድ ነው የሚወጣው። ሉሲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሄዳ በ2013 ተመልሳለች፤ ስትሄድም ስትመለስም አገር ያውቃል።

ዕቃችን በሌላ በር እየወጣ መሆኑ ግን እውነት ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ላዩ በመቀመጥ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ሥሩ ላይ ግን የመሮው ምት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይታያል። ይህ ዓይነቱ በርጩማና ባለ መደገፊያው ወንበር አውሮፓና አሜሪካ ባሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ የጅማ ወንበር ተብሎ ይሸጣል። የትኛው መንደር ተሠራ? ማን ጠረበው? ማን ተቀመጠበት? ለሠርግ ነው ወይስ ለዳኝነት? ገዢውም ሻጩም አያውቁም። ተመራማሪው መጥቶ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ፣ በርጩማውን ቤቱ ትቶት ይሄዳል። ነጋዴው በርጩማውን ወስዶ ታሪኩን ይጥላል። ጸሐፊው የተቆጡት በመጀመሪያው ሰው ላይ ነው።

አምስተኛው፣ የቤተ መንግሥቱ ጉዳይ። ጅረን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤት የማይወድ የጅማ ሰው የለም፣ እንክብካቤ ይገባዋል ሲባል እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ግን ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ማን ያድሰዋል? በምን? የትኛው ክፍል በየትኛው እንጨት እንደተሠራ፣ አገጣጠሙ እንዴት እንደሆነ፣ የግድግዳው ምርጊት ከምን እንደተደባለቀ ሳያውቁ ሲሚንቶ መለጠፍ ማዳን አይደለም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዛል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ውጪው ደህና እየመሰለ ይወድቃል። ጎንደር ላይ ይህ ታይቷል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠገኑ፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። በድንጋይ ግንብ ይህ ከሆነ በእንጨት ቤት ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ስለ እንጨት፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ድሮ አናጢዎች አሠራር የሚያጠናው ማን ነው? ያው ቁሳዊ ባህል የሚያጠናው ሰው ነው። እድሳቱን የሚፈልግ ሰው ጥናቱን የሚቃወምበት ምክንያት አይታየኝም። ወጪውም ቢሆን አይመጣጠንም፤ የመስክ ጥናት መኪና፣ አበልና ወረቀት ነው፣ በዚያ ገንዘብ የቤተ መንግሥት ጣሪያ አይለወጥም።

ቱሪስት ይምጣ የሚለውም እንደዚሁ። እንግዳው ጅረን ወጥቶ «ይህ የንጉሡ ክፍል ነው» ተብሎ ቢመለስ ሌላ ሰው ይዞ አይመጣም። አስጎብኚው ስለ ክፍሉ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ሠሪዎቹ የሚናገረው ነገር ከጥናት ነው የሚያገኘው። ጅማ ሙዚየም ውስጥ ያሉት የአባ ጅፋር መገልገያዎችም ቢሆኑ ከእያንዳንዱ አጠገብ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በደንብ የተጻፈ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ያን ማብራሪያ ማንም ከአየር ላይ አይጽፈውም።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ነገር፣ በተለይ ቤት ለምትሠሩ። ከተማው እየሰፋ ነው፣ በየኮረብታው መሠረት ይቆፈራል። አዋጁ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስታስቆፍሩ ከሰል ያለበት ጥቁር አፈርና የሸክላ ስባሪ አንድ ላይ በዝቶ ካያችሁ ሠራተኞቹን እዚያ ጥግ ላይ ለአፍታ አስቁሟቸው፣ ስባሪውን ሳትለቅሙ ካለበት ፎቶ አንሡት፣ ከላይ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጥልቀት በሜትር ለኩና ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።